ድራማውን ጎጃም ላይ ማን ነው የሚያየው? ስለ ቲቪ ድራማ ተመልካች ጥናት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፕሮፖዛል የማስገቢያ ሰሞን ሲደርስ ኢንቦክሴ በአንድ አይነት ጥያቄ ይሞላል። ግማሹ ጠያቂ ማርቆስ ወይ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለ የጆርናሊዝም ወይ የማርኬቲንግ ተመራቂ ነው፣ ሌላው ድራማ መሀል ማስታወቂያ ላስገባ ያለ ነጋዴ ነው፣ አልፎ አልፎ ደግሞ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ «የክፍለ ሀገሩ ተመልካች ምን አይነት ሰው ነው?» የሚል የፕሮዳክሽን ሰው ይመጣል። ለየብቻ ስመልስ ደከመኝ፣ እዚህ ሰብስቤዋለሁ። የድራማ ስም አልጠራም፣ ሰሞኑን ሰው ሁሉ የሚያወራለትን አንዱን በሀሳባችሁ ያዙና አንብቡ።

ዲሞግራፊ ሲባል ምን ምን ልጠይቅ?

ፆታ፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ስራ፣ ከተማ ነው ገጠር፣ የቤቱ ሰው ብዛት። ይሄ የተለመደው ነው፣ ማንም አይስተውም። የሚረሳው ሌላው ነው፦ የት ሆኖ ነው የሚያየው (እቤቱ፣ ጎረቤት፣ ምግብ ቤት)፣ በምን ነው የሚያየው (ዲሽ፣ ስልክ፣ ፍላሽ)፣ ከማን ጋር ነው የሚያየው። ጎጃም ላይ እነዚህ ሶስቱ ከተረሱ የቀረው ሰንጠረዥ ምንም አይነግራችሁም፣ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እመጣበታለሁ። የማትጠቀሙበትን ደግሞ አትጠይቁ። ሀይማኖትና ብሄር «ለማንኛውም ይኑር» ተብሎ ፎርሙ ላይ ሲገባ አያለሁ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሰንጠረዥ እንኳ አይወጣበትም፣ ያውም በዚህ ጊዜ ሰውን ያለ ምክንያት ማስጨነቅ ነው።

ዩቲዩብ ላይ ሚሊዮን ቪው አለው አይደል እንዴ? እሱ ምን ጎደለው?

ይሄን ጥያቄ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ዩቲዩብ የተመልካቹን ዕድሜና ፆታ ያሳያል፣ ግን ለቻናሉ ባለቤት ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ያንንም አካውንት ከፍቶ ከሚያየው ሰው ተነስቶ ነው የሚገምተው። እናንተ ከውጭ ሆናችሁ የምታዩት ቪውና ላይክ ብቻ ነው። እሺ ባለቤቱ ሰጣችሁ እንበል። የአማርኛ ድራማ በዩቲዩብ ከሚያዩት ስንቱ ዋሽንግተን፣ ስንቱ ሪያድ ወይ ዱባይ እንደሆነ አስቡት። የአገር ቤቱም ቢሆን ስልኩ የአባት ነው፣ አካውንቱን የከፈተው ሞባይል ቤት ያለው ልጅ ነው፣ የልደት ዘመኑንም ያኔ የመጣለትን ነው የሞላው፣ የሚያየው ደግሞ የአስራ አራት አመቷ ልጅ ነች። ዩቲዩብ «ወንድ፣ 35 እስከ 44» ይላችኋል፣ በቃ።

ሌላም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን ሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። የዛን ጊዜ የኦንላይን ቁጥር ወስዶ «የጎጃም ተመልካች ቀነሰ» ማለት አይቻልም፣ የቀነሰው ኢንተርኔቱ ነው። ሶሻል ሚዲያ በተዘጋባቸው ጊዜያት ደግሞ ሰው ቪፒኤን ሲጠቀም ነበር፣ ቡሬ ሆኖ ኮመንት የጻፈው ሰው ኔዘርላንድ ሆኖ ይመዘገባል።

ፍላሽና ሚሞሪን ደግሞ ማንም አይቆጥራቸውም። የገበያ ቀን ከገጠር የመጣ ወጣት ሚሞሪውን ሙዚቃና ድራማ ቤት ሰጥቶ አስጭኖ ይሄዳል፣ አንድ ሚሞሪ ከስልክ ስልክ እየተዛወረ ቀበሌውን ይዞራል። ያ ሁሉ ሰው ቪው ላይ ዜሮ ነው። ስለዚህ ኦንላይን ዳታ አትጠቀሙ አልልም፣ ስለ ኦንላይን ተመልካች የምታወሩ ከሆነ ተጠቀሙበት፣ ርዕሳችሁ ላይ ግን «ጎጃም» ብላችሁ አትጻፉበት።

ቴሌግራም ላይ ፎርም ለቅቄ 1000 ሰው ቢሞላልኝስ?

የሞላው ቴሌግራም ያለው፣ ፎርም መሙላት የማይሰለቸው፣ ከናንተ ግሩፕ ጋር ግንኙነት ያለው ሰው ነው። 1000ም ይሁን 10 ሺህ ያው አንድ አይነት ሰው ነው። ቁጥር መብዛቱ የአመራረጥን ችግር አያስተካክልም።

ሳምፕሌ (የምጠይቀው ሰው ብዛት) ስንት ይሁን? 384 ነው ወይስ 400?

ሁለቱም ከታወቁ ፎርሙላዎች የሚወጡ ናቸው። 384 የሚመጣው 95 በመቶ እርግጠኝነት፣ 5 በመቶ ስህተት ብላችሁ፣ የህዝቡን ብዛት ሳታስገቡ ስትሰሩ ነው። 400 ደግሞ የህዝቡን ብዛት የሚያስገባው የያማኔ ፎርሙላ በ5 በመቶ ስህተት የሚሰጠው ጣሪያ ነው። ብዙ ተማሪ የማያስተውለው፣ በያማኔ ለ1999ኙ ቆጠራ ደብረ ማርቆስ (62,497 ሰው) ስትሰሩ 398 ይወጣል፣ ለመላው ምስራቅ ጎጃም (2,153,937 ሰው) ስትሰሩ 400 ይወጣል። የሁለት ሰው ልዩነት! ህዝቡ ከሰላሳ እጥፍ በላይ ሲሆን ሳምፕሉ አልተነቃነቀም፣ ስለዚህ «ህዝቡ ብዙ ስለሆነ» እያላችሁ አትጨናነቁ።

የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። 400ውን ሰው ስትከፋፍሉት ምን ይቀራችኋል? ከ400 ላይ ስህተታችሁ ወደ 5 በመቶ ግድም ነው። «ከ18 እስከ 24 ያሉ ሴቶች» ብላችሁ 100 ሰው ብታገኙ ስህተቱ ወደ 10 ይጠጋል፣ 40 ሰው ብቻ ከሆኑ ከ15 በላይ ይደርሳል። ዲሞግራፊ ማለት ደግሞ መከፋፈል ነው። እኔ የምመክረው ከኋላ ተነሱ፣ የትኞቹን ሁለት ወይ ሶስት ቡድኖች ነው ማወዳደር የምፈልገው በሉና ለእያንዳንዱ ቢያንስ 100 ሰው እንዲደርስ አድርጉ።

ደግሞ ጎረቤታሞችን አንድ ላይ ከጠየቃችሁ (ጎጥ መርጣችሁ ማለቴ ነው፣ ሁሉም ሰው እንደዛ ነው የሚሰራው፣ ሌላ አማራጭም የለም) መልሳቸው ይመሳሰላል፣ እዚህ ደግሞ የባሰ ይመሳሰላል ምክንያቱም አንድ ቤት ተሰብስበው ነው የሚያዩት። ለሱ ማካካሻ ሳምፕሉን በ1.5 ወይም በ2 ማባዛት የተለመደ ነው፣ 400 የነበረው 600 ወይ 800 ይሆናል። ኪስ ካልቻለ አልቻለም፣ ግን ጉድለቱን ሪፖርት ላይ መጻፍ ነውር የለውም።

ማርቆስና ባህር ዳር ላይ ሰርቼ «ጎጃም» ብል ምን ችግር አለው?

ትልቅ ችግር አለው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከምስራቅ ጎጃም ህዝብ ከተማ ይኖር የነበረው 10 በመቶ አይሞላም ነበር። ከዛ ወዲህ ከተሞቹ አድገዋል፣ ስለዚህ አሁን ስትሰሩ የስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣውን የህዝብ ትንበያ ውሰዱ፣ ግን አብዛኛው ሰው አሁንም ገጠር ነው።

በምሳሌ እንየው፣ ቁጥሩ የፈጠራ ነው። 200 የከተማ፣ 200 የገጠር ሰው ጠየቃችሁ። ከከተማው 70 በመቶ፣ ከገጠሩ 20 በመቶ ድራማውን ያያል አሉ። ደምሮ ለሁለት የሚያካፍል ተማሪ «45 በመቶ የጎጃም ህዝብ ድራማውን ይከታተላል» ብሎ ይጽፋል፣ በጣም ያምራል፣ አድቫይዘሩም ያጨበጭባል። ከተማው 10፣ ገጠሩ 90 በመቶ መሆኑን ይዛችሁ ስትመዝኑት ግን 7 ሲደመር 18፣ ማለትም 25 በመቶ ነው። ወደ ግማሽ የሚጠጋው ተመልካች ወረቀት ላይ የተፈጠረ ነበር ማለት ነው።

ተመልካቾቹን ብቻ ስታዩ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከዛ 25 ውስጥ 18ቱ ገጠር ናቸው፣ ማለት ከመቶ ተመልካች 72ቱ። ገጠር ሆኖ የማየት እድሉ ትንሽ ነው፣ ግን ከተመልካቹ ብዙው የገጠር ሰው ነው። አዲስ አበባ ያለው ስክሪፕት ጸሐፊ ይሄን ቢሰማ አያምንም።

አንድ ጥንቃቄ፦ የዞን አከላለሉ ተቀይሯል። ሰሜን ጎጃም ዞን ሆኖ ሳይወጣ በቆጠራው ጊዜ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ነበር። የቆጠራውን ሰንጠረዥ የዞን ድምሩን ሳይሆን በየወረዳው አውጥታችሁ ራሳችሁ ደምሩት።

ቲቪ የሌለው ሰው ተመልካች ይባላል እንዴ?

ኧረ ዋናው ተመልካች እሱ ነው የሚባልበት ቦታ አለ! የውጭ ሞዴል ፎርም «ቤትዎ ቲቪ አለ?» ብሎ ይጀምርና «የለም» ካለ «አመሰግናለሁ፣ ደህና ይዋሉ» ይላል። በዚህ ፎርም ስንቱ ሰው እንደሚወድቅ አስቡ። አንድ ሶላር ያለው ቤት ውስጥ ማታ ማታ የጎጡ ልጅ ሁሉ መሬት ላይ ተደርድሮ ይቀመጣል፣ ከተማ ደግሞ ተከራዩ አከራይዋ ሳሎን፣ ላጤው ምግብ ቤት፣ ዘበኛው ሆቴሉ በር ላይ ቆሞ በመስኮት ያያል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ስለ ቲቪው አይሁን። «ባለፉት ሰባት ቀናት ድራማ በየትኛውም ቦታ አይተዋል ወይ» ይሁን፣ ከዛ የት፣ ከማን ጋር።

አንድ ያየሁትን ላንሳ፣ ወደ ብቸና ግድም የሆነ ቤት ነው። ሴትየዋ ጀርባዋን ለቲቪው ሰጥታ ቡና ትቆላለች፣ ዳታ ኮሌክተሯ ድራማ ያያሉ ወይ ብላ ስትጠይቃት «እኔ ምን ጊዜ አለኝና፣ እነሱ ናቸው እንጂ» አለች። ልጅቷ ጎበዝ ነበረች፣ ፎርሙ ላይ «አያዩም» ብላ ከመሙላት ይልቅ «ባለፈው ሰርጉ ላይ ማን ነበር የመጣው?» ብላ ጠየቀቻት። ሴትየዋ መቁላቱን ሳታቆም፣ ማን እንደመጣ፣ ለምን እንደመጣ፣ እናትየው ለምን እንደደበቀች፣ ቀጥሎም ምን እንደሚመጣ እስከ ግምቷ አወረደችው። ቲቪው ፊት የተቀመጡት ልጆች ግማሹን አላስተዋሉም ነበር። ይቺ ሴት ተመልካች ነች አይደለችም? ለኔ ነች፣ ግን «ያያሉ ወይ» የሚለው ጥያቄ አያገኛትም። «ይከታተላሉ ወይ» ይሻላል፣ ከሱ ይልቅ ደግሞ ታሪኩን መጠየቅ ይሻላል።

ቤት ውስጥ ማንን ነው የምጠይቀው?

በር የከፈተውን አትጠይቁ። ቀን ላይ በር የሚከፍተው ወይ ትልቅ ሰው ነው ወይ ልጅ ነው። አባወራውንም ስለ ሁሉም አትጠይቁት፣ ሚስቱ ምን እንደምታይ ራሱ ይመልስላችኋል፣ ያውም በእርግጠኝነት።

ፈረንጅ አገር «በቅርብ ልደቱን ያከበረውን የቤቱን ሰው ጥራልኝ» የሚባል አመራረጥ አለ። ገጠር ላይ ይሄን ብትሉ ይሳቅባችኋል፣ ልደት የሚቆጥር ሰው ስንት ነው? የቤቱን ሰው ሁሉ ከትልቅ ወደ ትንሽ ጻፉና እጣ አውጡ፣ ወይም የኪሽ ሰንጠረዥ የሚባለውን፣ የቤቱን ሰው ብዛት አይቶ ስንተኛው ሰው እንደሚጠየቅ የሚነግረውን ተጠቀሙ። እጣ ሰው ይወደዋል፣ «ማን ደረሰው» እያሉ ይሳሳቃሉ፣ ማንም አይቀየምም።

ሰው ስትዘረዝሩ የቤት ሰራተኛዋን አትርሱ። «የቤቱ ሰው ስንት ነው?» ሲባል እሷ አትቆጠርም፣ እረኛው ልጅም እንደዛው። ድራማውን በተለይ የቀኑን ድግግሞሽ ከማንም በላይ የምታየው ግን እሷ ልትሆን ትችላለች። «ትናንት ማታ እዚህ ቤት ያደሩት እነማን ናቸው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ትገባለች።

ሴቶችን ሴት ዳታ ኮሌክተር ትጠይቃቸው። አጠያየቁም እንደ ሰውየው ይሁን፣ ለትልቅ ሰው እመይቴ፣ አባ፣ አያ ብሎ በአንቱታ መጀመር ነው፣ ከከተማ የመጣ ልጅ «አንቺ ስንት አመትሽ ነው?» ብሎ ከገባ ቃለ መጠይቁ እዛው አልቋል።

ዕድሜ ስጠይቅ ሁሉም 30፣ 40፣ 50 ይለኛል፣ ምን ላድርግ?

የኛ አገር ዳታ ያው ነው፣ በቆጠራም ላይ በ0ና በ5 የሚያልቅ ዕድሜ ከልክ በላይ ይበዛል። ቡድናችሁ «30 እስከ 34» ከሆነ እዛ ውስጥ 28ም 32ም ሆኖ «ሰላሳ» ያለ ሁሉ አለ። በክስተት ጠይቁ፦ ደርግ ሲወድቅ የት ነበሩ፣ ትምህርት ጀምረው ነበር ወይ፣ በ97 ምርጫ ለመምረጥ ደርሰው ነበር ወይ። ቡድኑንም ሰፋ አድርጉት፣ የአምስት አመት ቡድን ከመስራት የአስር ወይ የአስራ አምስት አመት ይሻላል።

መቼ ልሰብስብ?

ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፣ ገበሬው ደክሞት በጊዜ ይተኛል። ክረምት ደግሞ መብራቱ ይጠፋል፣ ሶላሩም ደመና ይይዘዋል፣ ዲሹም ዝናብ ሲመጣ ሲግናል ይጥላል። ሁዳዴ ላይ ድራማ የሚተው ሰው አለ፣ ጠይቁ ብቻ፣ ከምታስቡት ይበዛል። የገበያ ቀን ቤት ባዶ ነው። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በባለወልድ ገበሬው ስለማያርስ ቤቱ ታገኙታላችሁ፣ ለማግኘት ጥሩ ነው፣ ግን የዛን ቀን ስለ «ትናንት» ብትጠይቁት የበዓል ዋዜማ ነው የሚነግራችሁ። ቀኑን አቀላቅሉት፣ የስራ ቀንም በዓልም ይግባበት፣ የትኛው ቀን እንደተጠየቀም ፎርሙ ላይ ይኑር።

ሰው ያየውን የሚያስታውሰው ለአጭር ጊዜ ነው። «በወር ስንቴ ያያሉ?» ከማለት «ትናንት ማታ ምን አዩ?» የሚለው ብዙ እጥፍ ይሻላል።

የኮቦ (በስልክ ዳታ መሰብሰቢያው) ፎርም ላይ ሰዓቱ ለምን ተበላሸብኝ?

ድራማው ማታ 2፡30 ነው፣ ዳታ ኮሌክተሩም 2፡30 ብሎ ይሞላል፣ ስልኩ ግን ያንን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል አድርጎ ነው የሚያነበው። ኤክሴል ላይ ስትከፍቱት ጎጃም ሙሉ ሌሊት የማይተኛ ይመስላል። መፍትሄው ሰዓት አለመጠየቅ ነው። «ከማታው 2 ሰዓት ዜና በፊት»፣ «ዜናው ላይ»፣ «ከዜናው በኋላ»፣ «ቀን ላይ በድጋሚ» ብላችሁ ምርጫ ስጡ። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ምልክት ነው።

ሰው ይዋሻል?

ይዋሻል ከማለት ደህና ሆኖ መታየት ይፈልጋል ማለት ይሻላል። ወንዱ «እኔ ዜና ነው የማየው» ይላል፣ ድራማ የሴት ነገር ነው ተብሎ ስለሚታሰብ። ተማሪው ዶክመንተሪ ይላል። ሌላው ደግሞ እንግዳ ለማስደሰት ብሎ ያላየውን አይቻለሁ ይላችኋል፣ እዚህ አገር እንግዳን ማሳፈር ነውር ነው።

ሁለት ነገር ይረዳል። አንዱ የገጸ ባህርያቱን ፎቶ ማሳየትና ማን ማን እንደሆነ ማስጠራት ነው። ሁለተኛው ተንኮል ነው፣ ከእውነተኞቹ ስሞች መሀል ድራማው ላይ የሌለ አንድ ስም ጨምሩ። «እሱንም አውቀዋለሁ፣ ጥሩ ይሰራል» ያለውን ሰው ለብቻው ምልክት አድርጉና ውጤቱን እሱን ጨምራችሁም አውጥታችሁም ስሩት። ብዙ ካልተለወጠ ጥሩ፣ ከተለወጠ ግን ችግር አለ።

ገቢ ስጠይቅ ዝም ይሉኛል

ገቢ አትጠይቁ። ግብር ሊመጣ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ምን ብሎ ይመልስላችሁ? የቤት ቁስ ጠይቁ፦ ቆርቆሮ ነው ሳር ጣሪያ፣ ፍሪጅ አለ፣ ባጃጅ ወይ ሞተር አለ፣ ገጠር ከሆነ ስንት በሬ፣ መሬት ስንት ቃዳ (የአካባቢው የመሬት መለኪያ)። ከዛ ደረጃ አውጡለት። ዲሹ የትኛው ሳተላይት ላይ እንደዞረ ጠይቁ፣ ናይልሳት ነው ወይስ 57 ዲግሪ ምስራቅ ላይ ያለው ኢትዮሳት፣ ወይስ የሚከፈልበት ዲኤስቲቪ ነው። ድራማው የሚተላለፈው ዲኤስቲቪ ላይ ብቻ ከሆነ ተመልካቹ ሀብታም ሆኖ ቢወጣ አይግረማችሁ፣ ድራማው ሀብታም ወዶ አይደለም፣ ቻናሉ ነው ያጣራው። ይሄን ሳያዩ «ድራማው ሀብታሞችን ይስባል» ብሎ መደምደም የተለመደ በሽታ ነው።

ሬቲንግና ሼር ልዩነታቸው ምንድነው? አስተማሪው አስረድቶኝ አልገባኝም

ቲቪ ያላቸው 200 ቤቶች አሉ እንበል። ማታ ድራማው ሲተላለፍ 120ው ቤት ቲቪ ከፍቷል፣ 48ቱ ድራማው ላይ ናቸው። ሬቲንጉ 48 ለ200፣ 24 በመቶ ነው። ሼሩ 48 ለ120፣ 40 በመቶ ነው።

አሁን መብራት ጠፋ። ሶላርና ጄኔሬተር ያላቸው 30 ቤቶች ብቻ ከፍተዋል፣ ከነሱ 15ቱ ድራማውን ያያሉ። ሬቲንጉ ወደ 7.5 ወረደ፣ ሼሩ ግን 50 በመቶ ሆኖ ወጣ! ለስፖንሰር የሚያሳይ ሰው ሼሩን ነው የሚያሳየው፣ እናንተ ሬቲንጉን ጠይቁት። እዚህ ምሳሌ ላይ ሁለቱም ቤት ነው የሚቆጥሩት፣ ሰው አይደለም፣ እኔ ጎጃም ላይ በቤት ቆጠራ ብዙ አላምንም። አንድ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ሲያይ፣ ሌላው ቤት አስራ አንድ ሰው ሲያይ ሁለቱም አንድ ናቸው። ቲቪው ፊት የነበረውን ሰው በስም ሳይሆን በፆታና በዕድሜ አስቆጥሩ።

አዊ ላይ በአማርኛ ብቻ ብጠይቅ ይበቃል?

እንጅባራና ዳንግላ ከተማ ውስጥ ይበቃችሁ ይሆናል፣ ገጠሩ ላይ ግን አዊኛ የሚችል ዳታ ኮሌክተር ያስፈልጋል። ጥያቄው ቀድሞ ይተርጎምና ይጻፍ፣ እያንዳንዱ ልጅ በመሰለው እየተረጎመ ከጠየቀ አስር አይነት ፎርም ነው የምትሰበስቡት። ለድራማ ጥናት ደግሞ ይሄ ቡድን ለብቻው የሚታይ ነገር አለው፣ አማርኛውን የሚሰማ ግን የማይናገረው ትልቅ ሰው ድራማውን እንዴት ይከታተላል የሚለው ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። ማንም ቢወስደው ደስ ይለኛል።

ከዚህ በፊት የተሰራ ነገር አለ?

አለ፣ ብዙው በሬዲዮ ቢሆንም። በ1994 እና በ1997 ዓ.ም. መካከል ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያስተላለፈው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍል ነበረው፣ አድማጩና አድማጭ ያልሆነው ሰው እየተወዳደረ ተጠንቷል። የአድማጭ ደብዳቤ በሺዎች ነበር የሚጎርፈው። ደብዳቤው ደስ ይላል፣ ግን የጻፈው መጻፍ የሚችለው ነው፣ የዛሬ ኮመንት ማለት ነው። ትምህርት የሚገኘው ከማወዳደሪያው ነው፣ የማያየውንም ሰው ጠይቁ፣ የማያየው ሰው ሳይኖር «ተመልካቹ ወጣት ነው» ማለት ትርጉም የለውም፣ አገሩ ሁሉ ወጣት ነዋ!

በ2008 ዓ.ም. የተሰበሰበው የስነ ህዝብና ጤና ዳሰሳ ደግሞ የሚዲያ ክፍል አለው። ከ15 እስከ 49 አመት ካሉት ሴቶች 74 በመቶ፣ ከወንዶቹ 62 በመቶ በሳምንት አንዴ እንኳ ጋዜጣም ሬዲዮም ቲቪም አያገኙም ነበር። የአገር አቀፍ ቁጥር ነው፣ ጊዜውም ቆይቷል፣ ያኔ ቃና ቲቪ ገና መጀመሩ ነበር። ለመነሻ ግን ጥሩ ነው፣ በተለይ የሴትና የወንዱ ልዩነት።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል። ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ። አንዱን ከዘለላችሁ እዛው ትመለሳላችሁ። መንገዱን ሳታጣሩ ዳታ ኮሌክተር አትላኩ፣ ለመመረቂያ ወረቀት ብሎ የሰው ልጅ አደጋ ላይ መጣል አይገባም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ስምና ስልክ ካላስፈለገ አትሰብስቡ፣ ከሰበሰባችሁም ለምን እንደሆነ ነግራችሁ አስፈቅዱ። ከ18 አመት በታች ላለ ልጅ ወላጁን ጠይቁ።

እኔ ተማሪ አይደለሁም፣ ፍኖተ ሰላም ላይ የፈርኒቸር ሱቅ አለኝ፣ ድራማው ላይ ላስተዋውቅ ወይስ ይቅር?

ጋሼ፣ ለርስዎ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። ለአንድ ወር ሱቅዎ የገባውን ሰው ሁሉ፣ የገዛውንም ያልገዛውንም፣ ሶስት ነገር ብቻ ይጠይቁት፦ ከየት ነው የመጣው፣ ትናንት ማታ ምን አየ፣ እቃ ሲገዛ ቤት ውስጥ የሚወስነው ማን ነው። ደብተር ላይ ይጻፉት። ድራማውን የሚያየው ሰው አልጋና ቁም ሳጥን የሚመርጠው ሰው ካልሆነ ገንዘብዎን ለአገር አቀፍ ቻናል ከማፍሰስ ባህር ዳር ያለውን አሚኮን ወይም የአካባቢ ኤፍኤም ዋጋ ይጠይቁ። ድራማ ያዋጣል፣ ግን እስከ ሞያሌ ለሚያይ ሰው ከፍለው ከፍኖተ ሰላም ሶፋ የሚገዛዎት ስንቱ ነው?

አድቫይዘሬ «ርዕስህ ሰፊ ነው፣ አጥብብ» አለኝ፣ ምን ልበል?

ልክ ነው። አንድ ወረዳ ያዝ፣ አንዱን የከተማ ቀበሌ ሁለቱን የገጠር፣ አንድ ድራማ፣ የሁለት ሳምንት ስርጭት። ጥያቄህ አንድ ይሁን፣ ለምሳሌ «እቤታቸው የሚያዩትና ሰው ቤት ሄደው የሚያዩት በዕድሜና በፆታ ይለያያሉ ወይ» የሚል። ርዕሱ ላይ የወረዳውን ስም ጻፍ፣ ጎጃም ጂኒ ቁልቋል አትበል። ሳምፕሉን ከተማና ገጠር እኩል ከወሰድክ ሰንጠረዡን ሁለቴ አውጣው፣ አንዴ ሳይመዘን፣ አንዴ ተመዝኖ፣ ወረቀትህን ስትከላከል ቢጠይቁህ ሁለቱም እጅህ ላይ ይኑር።